ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ያሉ የትርጉምና የሰነድ ቤቶች፦ ከልጅ ጋር ለሚበር ወላጅ ምን ያህል ያዋጣሉ?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ፣ ፖስታ ቤትን አልፎ እስከ ስታዲየም፣ በወዲህ ደግሞ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ባለው ኢሚግሬሽን ዙሪያ፣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ የለጠፉ ጠባብ ቤቶች ሞልተዋል፦ «ትርጉም፣ ጽሕፈት፣ የፓስፖርትና የቪዛ ፎርም መሙላት፣ ስካን፣ ፎቶ ኮፒ»። እዚህ የምንመዝነው ከሥራቸው አንዱን ብቻ ነው፤ «የልጅ የጉዞ ሰነድ ሙሉውን እንጨርሳለን» የሚሉትን። የቤት ስም አንጠራም። ጥራቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው እንጂ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ አይደለም። ጠዋት ጎበዝ የሠራበት ወንበር ላይ ከሰዓት ትናንት የተቀጠረ ልጅ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ፍርዱን መጀመሪያ እንናገር። ለትርጉም፣ ለስካንና ለፎርም መሙላት ብትከፍሉ አያስቆጭም። ልጁ የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልገው ግን ከእነሱ አትጠብቁ። እነሱ የሚያዩት ፓስፖርትና ቪዛ ነው። የልጅን ጉዞ የሚያሰናክለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ «ይህ ልጅ የእኔ ነው፣ መሄዱንም ሌላው ወላጁ ያውቃል» የሚለው።

ሦስት ፓስፖርት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም

ነገሩ የሚጀምረው ከስማችን ነው። አባት ዳዊት ተስፋዬ ገብሬ፣ እናት ሜሮን አበበ ካሳ፣ ልጅ ሊያ ዳዊት ተስፋዬ እንበል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሊያ የዳዊት ልጅ ናት። ፓስፖርት ላይ ግን በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ስለሆነ ሊያ «ተስፋዬ»፣ አባቷ «ገብሬ»፣ እናቷ «ካሳ» ሆነው ይወጣሉ። ከአንድ ቤት የቤተሰብ ስም የሚጋሩት ወንድምና እህት ብቻ ናቸው። ቶሮንቶ ወይም ጆሃንስበርግ ያለ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሦስቱን ፓስፖርት ደርድሮ ሲያይ የሚታየው የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ነው። ብዙ ሰው ይህን የእናቶች ጣጣ ብቻ ያደርገዋል፤ አባትም ከልጁ ጋር ብቻውን ቢሄድ ስማቸው ያው አይገጥምም።

መፍትሔው አንድ ነው፣ የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ ስም የያዘ የልደት ሰርተፊኬት። አንዳንድ ሰነድ ቤት ግን «ችግር የለም፣ እናስማማዋለን» ብሎ ቪዛ ፎርሙ ላይ የእናትየውን የቤተሰብ ስም በባሏ ስም ይተካል። ይህን በፍጹም አትቀበሉ። ፎርሙ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው ይመለሳል። ቢያልፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቪዛው በተሳሳተ ስም ታትሞ ቼክ ኢን ላይ ያስቆማችኋል። የስማችን አሠራር ጥያቄ ከተነሳበት ማመልከቻው ላይ በሁለት መስመር ማስረዳት ይቻላል፦ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የመጠሪያ ስም ነው፣ እናት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ይህን ሁለት መስመር በጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ቤት ካገኛችሁ ያዙት።

የልደት ሰርተፊኬቱ

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት የወሳኝ ኩነት አዋጁ ቁጥር 760/2004 ይናገራል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ከዚያ በፊት የወጣ የድሮ ሰርተፊኬት የያዘ ልጅ ካለ ሌላ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት በወረዳው ሲቪል ምዝገባ ሄዳችሁ በአዲሱ አስቀይሩት። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የፈቃድ ሰነዱ ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ወረቀት ላይ ነው። በኋላ ከቀየራችሁት እያንዳንዱ ፊደል እንደገና ይመረመራል።

ሰርተፊኬቱ እጃችሁ እንደገባ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። አማርኛውን ሁሉም ያነባል፤ ስሕተቱ የሚደበቀው እንግሊዝኛው ላይ ነው። «ዮሐንስ» በአንዱ ሰነድ በኤች፣ በሌላው ያለ ኤች ይጻፋል። «ጸጋ» በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ሌላ ቦታ በኤስ ብቻ። «ቅድስት» በኪው ወይም በኬ ትገባለች። የወላጆቹ ስም ከራሳቸው ፓስፖርት ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ስለዚህ የወላጆቹን ፓስፖርት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና መዝጋቢው ከዚያ ላይ እንዲገለብጥ አድርጉ። በቃል መንገር አይበቃም። ሦስቱም የስም ክፍሎች መኖራቸውንም እዩ። የአያት ስም የጎደለው ሰርተፊኬት ፓስፖርት ማመልከቻው ላይ ያቆማችኋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው ሰርተፊኬት አማርኛና እንግሊዝኛ አብሮ የያዘ ነው። ይህን የማይነግሯችሁ ትርጉም ቤቶች አሉ። «ለማንኛውም ይተርጎም» ብለው እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፣ በገጽ ያስከፍላሉ፣ ያኔ ለአንድ ልጅ ሁለት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይፈጠራል። ኤምባሲው በቋንቋው፣ ለምሳሌ በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ ካልጠየቀ በስተቀር መተርጎም የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ላሚኔት አታድርጉት። ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይያዝም። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም ኤምባሲ ጀርባው ላይ ማረጋገጫ ሊያሰፍር ሲል ላሚኔት የተደረገ ሰነድ ይመልሳል፤ ፕላስቲኩን ልላጥ ብትሉ ቀለሙ አብሮ ይወጣል። እነዚሁ ቤቶች «እንዳይበላሽ» ብለው በትንሽ ብር ላሚኔት ሊያደርጉላችሁ ሲነሱ እጃቸውን ያዙ።

ቀን ሲቀየር የሚጠፋው አንድ ቀን

ሰነድ ቤቶች በጣም የሚሳሳቱት ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይሩ ነው። ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መጨመሩን ሁሉም ያውቃል፤ የት ላይ ከ7 ወደ 8 እንደሚዞር ግን ብዙዎች በግምት ያልፉታል። በተራ ዓመት መዞሪያው ታኅሣሥ 23 ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2010 የተወለደ ልጅ ዲሴምበር 31 ቀን 2017 ይሆናል፤ በማግሥቱ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 2018። «ታኅሣሥ ማለት ዲሴምበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው በወሩ መጨረሻ የተወለደውን ልጅ በአንድ ዓመት ያስረጀዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጳጉሜ 6 ነው። ጳጉሜ 2003፣ 2007፣ 2011 እና 2015 ላይ ስድስት ቀን ነበረው። ከእያንዳንዱ በኋላ ባለው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ልጅ የፈረንጅ ቀኑ በአንድ ይጨምራል። መስከረም 1 ቀን 2010 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2012 እና 2016 ግን ሴፕቴምበር 12። ልደቱ በዚህ መሐል የወደቀ ልጅ ካላችሁ ሰርተፊኬቱ ላይ አንድ ቀን፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ቀን የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ለቪዛ መርማሪ ግን ሁለት ልጅ ነው። ልዩነት ካለ የሚታረመው ሰርተፊኬቱን በሰጠው ወረዳ ነው፣ ያውም ፓስፖርቱ ሳይታተም በፊት።

ቤቱን ለመፈተን ከፈለጋችሁ ይህንኑ ጠይቁ፦ «መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ስንት ነው?» ሳያይ «11» ያለ ሰው ፎርማችሁን አይሙላ።

ፓስፖርት

እያንዳንዱ ልጅ፣ የአንድ ወር ሕፃንም ቢሆን፣ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። በእናት ፓስፖርት ላይ ልጅን ማስመዝገብ የቀረ ነገር ነው። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል፤ የልደት ሰርተፊኬትና የወላጅ መታወቂያ ተነሥቶ ይጫናል፤ በቀጠሮው ቀን ልጁም ወላጁም ዋናዎቹን ሰነዶች ይዘው ይቀርባሉ። ወላጅ ካልሆናችሁ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አያትነት ወይም አክስትነት ብቻውን አይበቃም። መደበኛው ክፍያ በ2016 ዓ.ም. መገባደጃ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ አስቸኳይ የሚባለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደላላ «እኔ አሳጥረዋለሁ» ካለ የሚሸጥላችሁ ያንኑ የአስቸኳይ መስመር ላዩ ላይ የራሱን ጨምሮ ነው፤ ባይሆን ደግሞ ምንም።

ሰነድ ቤት ፎርሙን ሲሞላላችሁ ሁለት ነገር ተከታተሉ። አንደኛው ስልክና ኢሜይል ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ የቤቱን ስልክ ያስገባሉ፤ የቀጠሮ ለውጥ ወይም «ፎቶው አይታይም፣ እንደገና ይጫን» የሚል መልእክት ሲመጣ የሚደርሰው ለእነሱ ነው፣ እነሱ ደግሞ በቀን ስንት ሰው ያያሉ። የራሳችሁ ቁጥር መግባቱን አይታችሁ፣ የማመልከቻ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ውጡ። ሁለተኛው ስካኑ ነው። በስልክ ተነሥቶ ጥላ ያረፈበት፣ ጠርዙ የተቆረጠ ሰርተፊኬት ውድቅ ይሆናል። አራቱም ማዕዘን ይታይ፣ ማኅተሙ ይነበብ።

የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ብዙ አገሮች ደግሞ ስትገቡ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በተግባር አራት ዓመት ተኩል ነው። የወላጅ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ ቀርቶት የልጁ ሊያልቅ የደረሰበት ቤተሰብ ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው የሚደነግጠው።

የፈቃድ ሰነድ፦ ቤቶቹ በጣም የሚደክሙበት ቦታ

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ በጋብቻ ላይ ያሉ አባትና እናት የጋራ ሞግዚትና አሳዳሪ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ልጁን ይዞ ሲወጣ የሌላው ፈቃድ የሚጠየቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ኤምባሲው ይጠይቃል፤ ቦሌ ላይም ሊጠየቅ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ የሚደረስበት አገር ይጠይቃል።

ራፖር ጸሐፊዎችና ሰነድ ቤቶች ከኮምፒውተራቸው የሚያወጡት ናሙና ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ልጃችን ከእናቷ ጋር ወደ ውጭ አገር ብትሄድ የማልቃወም መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ»። ሙሉ ሰነዱ ይህችው ናት። ምን እንደጎደላት እንይ። ልጅቷ ማን እንደሆነች፣ የተወለደችበት ቀንና የፓስፖርት ቁጥሯ የለም። የእናትየው ፓስፖርት ቁጥር የለም። «ውጭ አገር» የትኛው አገር ነው? ከመቼ እስከ መቼ? የት ታርፋለች? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የፈቃድ ሰጪው ስልክና አድራሻ የለም። የካናዳ ኢሚግሬሽን ሠራተኛ በሌሊት የሚፈልገው ይህንኑ ስልክ ነው፤ ደውሎ «ልጅህ እዚህ መሆኗን ታውቃለህ?» ብሎ ሊጠይቅበት።

ጥሩ የፈቃድ ሰነድ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የልጁን ሙሉ ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ የትውልድ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የልደት ሰርተፊኬቱን ቁጥር፣ የሁለቱንም ወላጅ ስምና የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ቁጥር፣ የሚሄድበትን አገር፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የሚያርፍበትን ሰው ወይም ቤት አድራሻ፣ የፈቃድ ሰጪውን ስልክ ይይዛል። ቀኑን ከቲኬቱ ትንሽ ሰፋ አድርጉት፤ በረራ በሁለት ቀን ቢገፋ ሰነዱ እንዳያልፍበት። የፈቃድ ሰጪው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ኮፒ አብሮ ይያያዝ። ይህ ኮፒ የሚረሳ ነው፤ ካናዳ ግን በግልጽ ትጠይቀዋለች።

ሰነዱ የሚፈረመው በውልና ማስረጃ ፊት ነው። በሰነድ ቤት ተፈርሞ የቤቱ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለማንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የትርጉም ቤት ማኅተም የሚያረጋግጠው ትርጉሙን እንጂ ፊርማውን አይደለም። ፈራሚው በአካል፣ ዋናውን መታወቂያና የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ይዞ ይቀርባል። ቅርንጫፎቹ ብዙ ናቸው፣ በየትኛውም መፈረም ይቻላል፤ መሐል ከተማ ያሉት ስለሚጨናነቁ ዳር ያለውን መምረጥ አይከፋም።

«ባለቤቴ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶኛል፣ ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን የመሥራት ሥልጣን ብቻ ነው። ቤት ለማከራየት ይሆናል፤ ልጅን ድንበር ለማሻገር ግን ጉዞው በስሙ ተጠቅሶ የተጻፈ ልዩ ሰነድ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰነድ ቤት ጥቂት ነው።

አባት ውጭ አገር ከሆነ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይፈርማል፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ዋናው በፖስታ ወይም በሰው እጅ መምጣት አለበት፤ የሚፈጀውን ጊዜ ከአሁኑ ቁጠሩት። አንደኛው ወላጅ ካረፈ የሞት ምስክር ወረቀቱ ከወረዳ ይወጣል፤ ያኔ የሌላው ፊርማ ብቻ ይበቃል። ፍቺ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲኖር የወሰነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ስለ ውጭ ጉዞ ዝም ካለ አባትየው ፈቃድ ሲጠየቅ ልታዩ ትችላላችሁ። አባት ካልተገኘ ወይም አልፈርምም ካለ መንገዱ እንደገና ፍርድ ቤት ነው፤ በሰነድ ቤት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፣ «እንጨርስልሽ» የሚላችሁንም ሽሹ።

ማረጋገጫው

ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ ብቻ በሌላ አገር እንዲታመን የሚያደርገው) አባል ስላልሆነች ሰነድ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያልፈው፦ ሰነዱን የሰጠው ወይም ያረጋገጠው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ እንደ አገሩ ኤምባሲው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ትርፉ መመለስ ነው። ሁሉም ጉዞ ይህን አይጠይቅም፤ ለአጭር ጉብኝት ብዙ ጊዜ ዋናው ሰርተፊኬትና የተረጋገጠው ፈቃድ ይበቃሉ፣ ለትምህርትና ለቤተሰብ መቀላቀል ግን ሙሉው ሰንሰለት ይፈለጋል። ለሁለት ሳምንት ዘመድ ጥየቃ የሁሉንም ማኅተም የሚያስመቱ ቤቶች ክፍያ ቆጥረው እንጂ አስፈላጊ ሆኖ አይደለም።

አገር በአገር

ለሸንገን ቪዛ (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የልጁን ፎርም ወላጅ ወይም ሞግዚት ይፈርምለታል። ከ6 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ያልሞላው 45 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ 90 ዩሮ። ከ12 ዓመት በታች አሻራ አይሰጥም፤ ይህን ግን «ልጁ አያስፈልግም» ብላችሁ አትተርጉሙት፣ መቅረቡን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ትልቁ ጉዳይ ጊዜው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ወጥቷል፤ የሰነድ ማቅለልም የለም። የክረምት ዕረፍት ያሰበ ቤተሰብ በመጋቢት ካልጀመረ ለሐምሌ አይደርስም። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ከ6 ወር ያልበለጠ።

አሜሪካ የምትፈልገው ፎቶ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፒያሳ ያሉ ፎቶ ቤቶች መጠኑን ካልነገራችኋቸው የለመዱትን ቆርጠው ይሰጣሉ። ለጎብኚ ቪዛ ሕፃንም እንደ አዋቂ 185 ዶላር ይከፍላል። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቃለ መጠይቅ አያስፈልገውም የሚለው የድሮ ምክር አሁንም በየሰነድ ቤቱ ይነገራል፤ ከነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሕፃናትም በጥቅሉ እንዲቀርቡ ተደርጓል።

የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ልዩ ጠባይ አለው። ልጅ ከአዋቂ ጋር እሄዳለሁ ብሎ ካመለከተ ቪዛው ከተጠቀሱት እስከ ሁለት ከሚደርሱ አዋቂዎች ጋር ይተሳሰራል። እናት ስሟን አስገብታ፣ ቀኑ ሲደርስ ሥራ ገጥሟት ልጁን ከአክስቱ ጋር ብትልከው፣ ልጁ ቪዛ እያለው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ሁለቱንም ወላጅ፣ ወይም አንድ ወላጅና አንድ ሊተካ የሚችል ዘመድ አስመዝግቡ። ሰነድ ቤቶች ሁለተኛውን ቦታ ባዶ ትተውት ሲያልፉ ነው የሚታየው።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በልጆች ላይ ጥብቅ ናት። በኋላ ያላላችው ቪዛ ለማያስፈልጋቸው አገር ልጆች ነው፤ ከእኛ አገር የሚሄድ ልጅ ቪዛ ሲጠይቅ የወላጆቹን ስም የያዘ የልደት ሰርተፊኬትና የማይጓዘውን ወላጅ በመሐላ የተረጋገጠ ፈቃድ ያቀርባል። ልጁ ከወላጅ ውጭ ካለ ሰው ጋር ከሆነ የሁለቱም ወላጅ መታወቂያ ኮፒና አድራሻ ይጨመራል።

ስለ መተላለፊያም አንድ ነገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር አየር ማረፊያ ሲያልፍ፣ ከአዳራሹ ባይወጣ እንኳ፣ የመተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል፤ የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ነፃ ነው። አንዱ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ እናትና ሌላው ልጅ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙበት ቤተሰብ ፍራንክፈርትን አቋርጦ ሌላ አገር ሲሄድ አንዱ አልፎ ሁለቱ የሚቀሩበት ሁኔታ ይፈጠራል። ርካሽ ቲኬት ያገኘላችሁ ሰው ይህን ያያል ብላችሁ አታስቡ።

ሁለቱ ቢጫ ካርዶች

አዲስ አበባ ላይ «ቢጫ ካርድ» ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ወረፋ ላይ ቆመው ስለተለያየ ካርድ የሚከራከሩ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፣ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት አልፎታል፣ ይታደስ» የሚላችሁ ሰው የድሮውን ነው የሚያውቀው። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ ደቡብ አፍሪካ ከ1 ዓመት፣ ሕንድ ከ9 ወር ጀምሮ ትጠይቃለች። 9 ወር ላልሞላው ሕፃን በተለምዶ ስለማይሰጥ ሐኪም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ካርዱ ላይ የልጁ ስም በእጅ ስለሚጻፍ ፓስፖርቱን ከፊታቸው አስቀምጡላቸው፤ ሰነድ ቤቶች ይህን ካርድ ጨርሶ አይጠቅሱትም።

ሁለተኛው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። አገራችን ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል የውጭ ፓስፖርት ያለው ልጅ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው ነው፤ ቪዛ ወይም ይህ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ወላጆቹ መታወቂያ ኖሯቸው ልጁ ያልወጣለት እንደሆነ የልጁን ቪዛ ቀን ለብቻው ቁጠሩ።

ቲኬትና ቦሌ

ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጭን ይሄዳል፤ የሚቆጠረው ግን የእያንዳንዱ በረራ ቀን ነው። ሲሄድ 23 ወር የነበረ ልጅ ሲመለስ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው ወንበር ያስፈልገዋል። ብቻውን ለሚላክ ልጅ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ5 ዓመት በታች አይቀበሉም፤ ከዚያ በላይ ለሆነው የሚሸኘውና የሚቀበለው ሰው ስም፣ ስልክና መታወቂያ በፎርም ይሞላል። ተቀባዩ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ፎርሙ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ «ጋሼ ብሩክ» ብሎ ማስመዝገብ ልጁን መድረሻው ላይ ያስጠብቃል።

ዋናዎቹ ሰነዶች በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ሻንጣ ውስጥ የገባ የልደት ሰርተፊኬት ፓስፖርት ማሳያው ጋር ስትቆሙ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ሰነድ በየራሱ ክላሰር ይግባ፣ ከላይ የፈቃድ ሰነዱ፣ ቀጥሎ ሰርተፊኬቱ፣ ከሥር ኮፒዎቹ። አንድ ሙሉ ኮፒ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚቀር ሰው ተዉለት፤ ፓስፖርት መንገድ ላይ ቢጠፋ ኤምባሲው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው።

ወደ ሰነድ ቤቶቹ እንመለስ። ስካን፣ ኮፒ፣ የኦንላይን ፎርምና ወደ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ የሚደረግ ትርጉም ላይ ክፈሉ፤ ዋጋ በገጽ ተስማሙ፣ ትርጉሙን ከማኅተሙ በፊት አንብቡ፣ ፋይሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ተቀበሉ፤ ነገ አንድ ፊደል ቢታረም እንደገና ሙሉ ክፍያ እንዳይሆን። የፈቃድ ሰነዱን ጽሑፍ ግን ራሳችሁ አርቅቁት፣ እነሱ ይተይቡት። ዋናውን ሰርተፊኬት ደግሞ «ከሰዓት ና» ብለው ሊያስቀሩት ሲሉ እምቢ በሉ፤ ስካን አድርገው ወዲያው ይመልሱላችሁ።